ስድስት መስመር ለቄሱ

ያን ዓመት እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ፣ የሰፈራችን ማትናስ፣ የሕዝብ መሰብሰቢያው ቤት ማለት ነው፣ የቤተ እስራኤል የተራራ ጸሎት ለሆነው ለስግድ በዓል አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ለማውጣት ተነሣ። ስለ ታላላቅ ሰዎቻችን፣ ስለ ልማዶቻችን፣ አገር ቤት ስለነበሩን ጸሎት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች አጫጭር ማስታወሻ የያዘች መጽሐፍ እንድትሆን ነበር ሐሳቡ። ለአንድ ሰው ስድስት መስመር፣ ለአንድ ልማድም ስድስት መስመር። በአንዱ በኩል ዕብራይስጥ፣ በሌላው በኩል አማርኛ። ዕብራይስጡን የሚጽፍ ወዲያው ተገኘ። አማርኛ ጸሐፊ ግን ጠፋ። ፊደል የቆጠሩት ሽማግሌዎች ዓይናቸው ደክሟል፤ ወጣቶቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ዕብራይስጡን ሲይዙ አማርኛውን ጥለውታል።

እናቴ ይህን ሰምታ፣ "እኔ ልጅ አለችኝ" አለች። "ስድስተኛ ክፍል ጨርሳለች። እጅ ጽሕፈቷም እንደ ዶሮ ጭረት አይደለም።"

እኔን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝም እምቢ ለማለት እንኳ ድምፅ አይወጣልኝም ነበር። ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ስንማር አስተማሪዋ ስሜን በጠራች ቁጥር ጠረጴዛ ሥር የወደቀ እርሳስ እፈልግ ነበር። ሰው ሲያናግረኝ የማየው ጫማውን ነው። የሰፈራችንን ሰው ሁሉ ከፊቱ ይልቅ በጫማው ለይቼ የማውቅ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ማሸጊያ ቤት ብርቱካን እለያለሁ፤ ብርቱካን ደግሞ ቀና በይ አይልም። ከሥራ በኋላ ግን ወደ ማትናሱ መሄድ ጀመርሁ።

ሥራውን የሚያስተባብረው ወጣት የእኛው ልጅ ነበር። በሱዳን በኩል በሕፃንነቱ መጥቶ በዕብራይስጥ ያደገ፣ አማርኛው እንደ አምስት ዓመት ልጅ አማርኛ የሆነ፣ ሲስቅ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ የሚጭን ልጅ ነው። "አሆቲ" ይለኛል፤ እህቴ ማለቱ ነው። ሽማግሌዎቹ እየመጡ ይናገራሉ፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ እሱ የገባውን በዕብራይስጥ ያሳጥራል። የእያንዳንዱ ሰው ማስታወሻ አናት ላይ ስሙ፣ ከሥሩ መንደሩ፣ ከመንደሩ አጠገብ የተወለደበት ዓመት፣ ከዚያ አጭር ሰረዝ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ የሞተበት ዓመት ይገባል። በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቦታ ባዶ ይተዋል።

ስድስት መስመር መባሉን ሽማግሌዎቹ ሊቀበሉት አልቻሉም።

"ስድስት መስመር?" አለ አንዱ፣ በወጣትነቱ የታወቀ አንጥረኛ የነበረ። "የበቅሎዬን ጠባይ ብቻ ብትጽፊው አይበቃውም!"

"እንግዲያው በቅሎዋ ትግባ፣ አንተ ቅር" አለው ከጎኑ የተቀመጠው። "አገሩ እኮ የሚያውቀው እሷን ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አስተባባሪውም ግማሹ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። እኔም ወረቀቴ ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ። ሥራው እንዲህ ያለ ስለነበር እየወደድሁት ሄድሁ፤ ለካ ሰው ዝም ብሎ የሚጽፍን ሰው አያይም። ያሻውን ያወራል።

አንድ ስም ሲነሣ ግን ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። የቋራው ቄስ ስም ነው። እሳቸው የሌሉበት መጽሐፍ መጽሐፍ አይባልም አሉ ሁሉም። በዓላት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚቆጥሩ፣ ከሩቅ መንደር ሳይቀር "ጾሙ መቼ ነው?" ተብሎ የሚላክባቸው ሰው ነበሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ የሚወራላቸው ግን በታላቅነታቸው ብቻ አይደለም። ቄሱ ወደ እስራኤል ሳይመጡ እዚያው ቋራ ሞተዋል። ልጃቸው ደግሞ አታውቅም። ልጃቸው የአጎቴ ሚስት ናት፤ ክፋር ብራንዳይስ በሚባለው ሰፈራችን እኛ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች።

ወሬው የመጣው በበጋው መጨረሻ ነው። ጎንደር ያለ ዘመድ ለአጎቴ ደወለ። የአጎቴ ሚስት ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። አጎቴ ወሬውን እንደ ሰማ ወደ ቤቱ አልወጣም፤ ወደ እኛ ቤት ገብቶ ማድቤቱ ውስጥ ቆሞ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ነጠላዋን አንሥታ ከጎናችን ባለው ሕንፃ ወደሚኖሩት ሽማግሌ ሄደች። እሳቸውን ሁላችንም አባ ነው የምንላቸው። መርዶ የሚነግሩ እሳቸው ናቸው፤ ባል ከሚስት ሲጣላም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

አባ፣ "እስክትወልድ ይቆይ" አሉ።

ሴት ልጅ ወለደች። ያን ጊዜ ደግሞ፣ "ከአራስነቷ እስክትወጣ ይቆይ" አሉ።

ይህን ለማያውቅ ልንገረው። መርዶ በእኛ ዘንድ እንደ ማንኛውም ወሬ በስልክ ወይም በደጃፍ የሚነገር አይደለም። ሽማግሌዎችና ቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው፣ ንጋት ላይ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው። አንዱ ይናገራል፤ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ሆነው ይይዙታል። አራስ ግን አትነካም። ሴት ልጅ የወለደች ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ውሃ ገብታ እስክትነጻ በልማዳችን ለብቻዋ ናት፤ የነካት ሰው ከሌላው ይለያል። አገር ቤት የአራስ ጎጆ ነበር፤ ሀደራ ላይ አጎቴ ትንሿን ክፍል ለቀቀላት። ሳህኗ፣ ብርጭቋዋ፣ ፍራሿ ለብቻው ሆነ። ምግቧን ደጃፏ ላይ እናስቀምጥላታለን። ብዙዎች ይህን ትተውት ነበር፤ እሷ ግን የቄስ ልጅ ነኝ ብላ አጠበቀች። ስለዚህ አባ እንዲህ አሉ፦ "ብንነግራት ትወድቃለች። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ቆመን ልናያት ነው?"

ሕንፃው ሁሉ ምስጢሩን ያዘ። ሁለት ወንድሞቿ ከደቡብ ከተማ በአውቶቡስ እየመጡ በክፍሏ ደጃፍ ቆመው ያሥቋታል፤ ከዚያ ወደ ደረጃው ወጥተው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ። ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

የቄሱን ስድስት መስመር እንድጽፍ ወደ እሷ የላኩኝ አባ ናቸው። ከሌላ ሰው መውሰድ ይቻል ነበር፤ ግን አባቷ መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገቡ ሰምታ ማነው የሚጽፈው እያለች ስታስጠይቅ ነበር። ካልተጠየቀች ትጠረጥራለች ተባለ። "ይህች ትሂድ" አሉ አባ በከዘራቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። "ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ሁልጊዜ መሬት ነው የምታይ።"

ሄድሁ። ከክፍሏ ደጃፍ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። እሷ ከውስጥ ሕፃኗን እያጠባች ነበር።

"ነይ ነይ፣ ጸሐፊዋ!" አለችኝ። "እናትሽ እኮ ሰፈሩን አዳረሰችው። እንግዲህ እኛን መች ታናግሪናለሽ?"

"ኧረ እታለም..."

"በይ ጻፊ። አባቴ ቁመቱ ረጅም ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል።"

"ቁመት አይጻፍም አሉ እታለም። ስድስት መስመር ብቻ ነው።"

"ቁመቱን ሳያውቁ እሱን እንዴት ያውቁታል? እሺ ተይው። በዓል የሚቆጥረው በጣቱ አንጓ ነው። ዓይኑን ይጨፍንና እንዲህ፣ እንዲህ" ብላ በባዶ እጇ አሳየችኝ። "አንድ ዓመት ታዲያ ከሌላ መንደር ቄሶች ጋር ጾሙ ላይ በአንድ ቀን ተለያዩ። በእግሩ ተነሥቶ ሄደ። ተከራከራቸው፣ ተከራከራቸው፣ ተረታ። ተመልሶ መጥቶ ሕዝቡን ሰብስቦ 'ተሳስቼ ነበር፣ ጾሙ ነገ ነው' አለ። ይህን ጻፊ። ተሳስቼ ነበር ያለ ቄስ ሌላ አታገኚም።"

ጻፍሁ። እሷ ስለ አባቷ ስትናገር አሁን ከወዲያኛው ክፍል የሚወጣ ያህል ነበር የምትናገር። ሲመጣ የት እንደሚተኛ ነገረችኝ። ሊፍት ስለማይወድ፣ መቼም አይወደውም፣ ምድር ቤት ቢገኝለት ይሻል ነበር አለች። ከዚያ ሕፃኗን ወደ ሌላው ጎን አዞረችና፦

"የልጅቷን ልቅሶ በካሴት ቀድቼ ልኬለት ነበር" አለች። "መልሱ ቆየብኝ። አንቺ ከሰው ትውያለሽ፣ ከዚያ የመጣ ሰው አልሰማሽም?"

"አልሰማሁም።"

"ምነው ዓይንሽን ሰበርሽ?"

ወረቀቴን አገላበጥሁ። "ሁልጊዜም እንዲሁ ነኝ" አልኋት።

"እሱስ እውነትሽን ነው" ብላ ሳቀች። "ስትዳሪም ሙሽራውን በጫማው ነው የምትመርጪው።"

ፎቶውን ከሳሎኑ መሳቢያ እንድወስድ ነገረችኝ። አንድ ብቻ ነው ያላት። ቄሱ ነጭ ጥምጥም አድርገው፣ ወደ ጎን ዞር ብለው፣ ካሜራውን እንደማያምን ሰው ቆመዋል። "ከዚህ ክፍል እንደወጣሁ፣ ገና ከውሃው እንደወጣሁ፣ ማትናሱ መጥቼ ግድግዳው ላይ አየዋለሁ" አለችኝ። "የት ነው የምትሰቅሉት?"

"ከስግዱ አጠገብ" አልኋት። ማስታወሻዎቹ ማትናሱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ቦታቸው እዚያ እንደሚሆን አስተባባሪው ነግሮኝ ነበር።

ወረቀቱንና ፎቶውን ለአስተባባሪው ሰጠሁት። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

የአራስነቷ መጨረሻ ዓርብ ላይ ዋለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከማሸጊያ ቤቱ ወጥቼ ማትናስ ስገባ አዳራሹ ተለውጧል። አስተባባሪው መጽሐፏ ከመታተሟ በፊት ሰው አይቶ እንዲያርማት ብሎ ማስታወሻዎቹን ሁሉ በትልልቅ ካርቶን ላይ ለጥፎ ግድግዳውን ሞልቶታል። ሰዎች፣ ልማዶች፣ ጸሎት ቤቶች። የጻፍሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያየኝ ደነገጥሁ። ስለ ስግድ ወደተጻፈው ካርቶን ሄድሁ። አጠገቡ ቄሱ ከነጥምጥማቸው ቆመዋል። ከሥራቸው መንደራቸው፣ የተወለዱበት ዓመት፣ ሰረዝ፤ ከሰረዙ በኋላ ሌላ ዓመት።

የአጎቴ ሚስት ፊደል አታነብም። ቁጥር ግን ታነባለች። በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ሹክ፣ ገበያው ማለት ነው፣ ወርዳ ዋጋ ታያለች። በሕይወት ባሉት ሁሉ ላይ ባዶ የሆነው ቦታ በአባቷ ላይ መሞላቱን ለማየት ማንም አያስፈልጋትም።

"ይህን ማን ጻፈው?" አልሁት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ አስተባባሪው ከወንበሩ ተነሣ።

"ማ ካራ? ምን ሆነ?"

"ዓመቱን!"

"አሃ፣ ረስተሽው ነበር፣ እኔ ሞላሁት። ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ። ኩላም ዮድዒም፣ ሁሉም ያውቃል።"

"ልጃቸው አታውቅም።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀም። "አባቷ ሞቶ አታውቅም? ይህን ያህል ጊዜ? እንዴት ነው ሰው እንዲህ..." አለና ዕብራይስጥ ውስጥ ገባ። ሕግ እንደሆነ፣ ሰው የማወቅ መብት እንዳለው፣ እሱ ቢሆን እንደሚቆጣ ተናገረ። እኔም በማላውቀው ድፍረት ስለ መርዶ፣ ስለ አራስ፣ ስለሚይዝ እጅ ነገርሁት። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠኝም።

"አሆቲ" አለ በመጨረሻ፣ "ይህን ለምን አልጻፍሽልኝም? ስድስት መስመር?"

"ይህ ይጻፋል ብዬ አላሰብሁም" አልሁት። እውነቴን ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አባ ቤት ሄድሁ። እናቴና አጎቴ ተጠሩ። አባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ።

"ነገ ዓርብ ነው" አሉ። "ከውሃ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ሰንበት ይገባል። በሰንበት ልቅሶ የለም። ወንድሞቿም እስከዚያ አይደርሱም። እሑድ ንጋት ነው የምንነግራት። እስከዚያ ያን ግድግዳ እንዳታይ።"

"ከውሃው ቀጥታ ወደዚያ ነው የምሄድ ብላለች" አለ አጎቴ። "ምን ብዬ ላስቀራት?"

"ታመምሁ በል።"

"ብታመም እኮ ጥላኝ ነው የምትሄድ።"

እናቴ ሳቋን ዋጠች። አባም ጺማቸውን ያዙ። ያን ጊዜ የእኔ ድምፅ ወጣ። "ጠዋት የማትናሱን ልጅ ልንገረው" አልሁ። "ዓመቱን ይሸፍነው። ከዚያ ይዣት ልሂድ።"

በሽማግሌ ፊት ሳልጠየቅ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አባ ትንሽ አዩኝና፣ "ይሁን" አሉ።

ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አስተባባሪውን ማትናሱ በር ላይ ጠብቄ ነገርሁት። "ቤሴደር፣ ቤሴደር፣ እሺ" አለ። "በነጭ ወረቀት እሸፍነዋለሁ። ምንም አይታይም።"

ዓርብ በማሸጊያ ቤቱ ግማሽ ቀን ነው። ስመለስ ሴቶቹ የአጎቴን ሚስት ከባሕሩ ይዘዋት መጥተዋል። ፀጉሯ ገና እርጥብ ነው፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ስታየኝ እጄን ያዘች። ያን ሁሉ ጊዜ ከደጃፍ ወዲያና ወዲህ ሆነን ስናወራ ቆይተን፣ እጇ ሞቆ ያዘኝ።

"እጅሽ ምነው ቀዘቀዘ?" አለች። "ከባሕር የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽ!"

ሕፃኗን ለእናቴ ሰጥታ ወጣን። መንገዱን ሁሉ እሷ አወራች። እኔ ስለ ነጩ ወረቀት አስብ ነበር። ትልቅ ቢሆንስ? ለምን ተሸፈነ ብትልስ? በሌሎቹም ላይ ወረቀት እንዲለጥፍ ብነግረው ይሻል ነበር። ከማትናሱ ስንደርስ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። አምስት ስድስት የሰፈራችን ሴቶች ከሹክ ሲመለሱ ከረጢታቸውን መሬት ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። እኛ ስንገባ ወሬያቸው ተቋረጠ።

የአጎቴ ሚስት ማንንም ሳትሳለም በቀጥታ ወደ ስግዱ ሄደች። ሥዕሉን አውቃለች፤ ተራራና ጃንጥላ አለበት። ከዚያ ወደ ጎን ዞረች።

ባዶ ካርቶን። ሙጫው የያዘው የወረቀት ቁራጭ በአራቱም ማዕዘን ቀርቷል፤ መሐሉ ተልጦ ቡናማው ወጥቷል። ፎቶውም የለም።

"የት ነው?" አለችኝ።

አስተባባሪው ከቢሮው እየሮጠ መጣ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ዓመቱን ሸፍኖት ነበር፤ ወረቀቱ ስስ ሆኖ ቁጥሩ ከሥሩ ታየው። ፈርቶ ሁሉንም ገሸለጠው።

"ሊታረም ነው" አላት። "ስህተት ነበረበት።"

"ምን ስህተት?"

"ፊደል... አንድ ፊደል።"

"ፎቶውስ? ፎቶው ምን ፊደል አለው?"

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። የአጎቴ ሚስት መጀመሪያ የተቆጣች መሰለኝ። አባቷን ከሰው ተራ አውጥተው የጣሏቸው መስሏት አንገቷ ቀና አለ፣ ልትናገር ወደ ሴቶቹ ዞረች። ወደ አንጥረኛው ሚስት አየች፤ ሴትዮዋ መሬት ታያለች። ወደ ሌላዋ አየች፤ እሷም መሬት። ከረጢቷን የምታነሣ መስላ ያጎነበሰች አለች። ሁሉም እንደ እኔ ሆነው ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቀና ያለ አንድ ዓይን እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ተመልሳ የስግዱ ካርቶን ፊት ቆመች፤ የማታነበውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች የምታነብ መሰለች። ትንፋሿን እሰማዋለሁ።

"እንሂድ" አለችኝ። "ሰንበት ሊገባብን ነው።"

በመንገድ አላወራችም። እጄንም አልለቀቀችም። ቤት ስንደርስ ዳቦዋን ጋገረች፣ ልጆቿን አጠበች፣ ቤቱን ጠረገች፣ ከፀሐይ ግባት በፊት እሳቱን አጠፋች። ቅዳሜ እኛ ዘንድ ወርዳ አብራን በላች። አጎቴ አንድ ነገር ሲያጠፋ እንደወትሮዋ አሾፈችበት። ስለ ካሴቱ ግን አልጠየቀችም፤ ከደቡብ ማን እንደሚመጣ አልጠየቀችም፤ ፎቶው የት እንደገባም አልጠየቀችም። በየቀኑ የምትጠይቀውን ሁሉ ያን ቀን ተወችው። እኔ ከምትጠይቅበት ጊዜ ይልቅ ያን ጊዜ ነው የፈራሁ።

ወደ ላይ ስትወጣ እናቴ፣ "አላወቀችም" አለች። "ብታውቅ እንዲህ ተቀምጣ ትበላለች?"

አጎቴ ሳህኑን ገፋ አደረገ። "አውቃለች" አለ።

"ታዲያ ምነው አልተናገረች?"

"ሰንበት ነው፣ እህቴ።"

ሰንበት ሲወጣ ወንድሞቿ በአውቶቡስ መጥተው እኛ ቤት አደሩ። እሑድ ገና ብርሃን ሳይለይ ሰዎች መጡ። አባ ከፊት፣ ወንድሞቿ ከኋላቸው፣ እናቴና ሌሎቹ ሴቶች፣ እኔ ከሁሉም በኋላ። ኮቴ እንዳይሰማ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ደረጃውን ወጣን። ከእነሱ ፎቅ ፊት ለፊት የምትኖረው ሩሲያዊት አሮጊት በሯን ከፈተች። ነጭ ለብሰው ጫማ ያንጠለጠሉ ሰዎች ደረጃውን ሞልተው ስታይ ምንም ሳትል በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

አባ ለማንኳኳት እጃቸውን አነሡ። በሩ ግን ቀድሞ ተከፈተ።

የአጎቴ ሚስት ለብሳ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል። ከኋላዋ ሳሎኑ ተጠርጓል፣ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተጠግተዋል፣ ጠረጴዛው ወጥቷል። ልጆቹ በጓዳው ክፍል ናቸው፤ በሩ ተዘግቷል። አጎቴ አጠገቧ እንደ እንግዳ ቆሟል።

"ግቡ" አለች።

ገባን። አባ ነገር አዋቂ ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ መርዶ ለመንገር ከሩቅ ይጠሩ ነበር ይባላል። ያን ጠዋት ግን ከዘራቸውን ይዘው ቆመው ቃል ጠፋቸው። ያዘጋጁት ንግግር ለማታውቅ ሰው ነበር። እሷ መሐል ወለል ላይ ተቀመጠች፤ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ይናገሩ፣ አባ" አለች። "ሰው ዓይኑን ስለሰበረብኝ አባቴን አላለቅስም። በእርስዎ አፍ ልስማው።"

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ" አሉ። "አባትሽ ቄሱ ወደ አባቶቻቸው ሄደዋል። እግዚአብሔር ያጥናሽ።"

ያን ጊዜ ጮኸች። ገና ያን ሰዓት እንደሰማች ሆና ነው የጮኸች፤ ከዚያ በፊት ያወቀችው ሁሉ እንዳልነበረ። ወደ ፊት ስትወድቅ እናቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ያዝናት። ክብደቷ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ሆነ። ወንድሞቿ ያን ሁሉ ጊዜ ደረጃው ላይ በእጃቸው ያፈኑትን አወጡት። የታችኛው ፎቅ በር፣ የላይኛውም ሲከፈት ይሰማል።

ልቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ራሷን ከትከሻዬ አነሣች።

"ማን ቀበረው?" አለች።

አባ ወደ አጎቴ አዩ። አጎቴ ወደ ወንድሞቿ አየ። ወንድሞቿ እርስ በእርስ ተያዩ።

"መንደሩ እኮ ባዶ ነው" አለች። "ሁላችሁም እዚህ ናችሁ። እሱ ያን አገር ሁሉ ሲቀብር ኖሮ፣ እሱን ማን ቀበረው? ማን ጸለየለት? ወገን ነው? ወይስ የሰው ሰው?"

ማንም አላወቀም። መቼ እንደሞቱ ተጠይቋል፣ በምን እንደሞቱ ተጠይቋል፣ ለእሷ መቼ እንደሚነገራት ስንት ጊዜ ተመክሯል። ይህን ግን ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም ነበር። እኔም ያን ሁሉ ስለ ቄሱ ስጽፍ አልጠየቅሁም።

አጎቴ ኮቱን ከመስቀያው አወረደ። ኪሱን ዳብሶ የስልክ ካርዱን አወጣና "ጎንደር ደውዬ ልጠይቅ" አለ። የምድር ቤቱ የሕዝብ ስልክ ዘንድ ሲወርድ፣ ጫማውን ሳያደርግ የሄደ መሆኑን ከደረጃው ድምፅ አወቅሁ። እሷም ሰምታዋለች። ልቅሶዋን ይዛ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ጠበቀች፤ እኛም ያዝናት።